ሩት ማናት?

«ሦስተኛዋን ዝለል፣ ሳንቃዋ በስብሳለች!»
ከላይ ሆና ጮኸች፤ ነጠላ ለብሳለች።
ቤቱ ከአምፒር ጀርባ፣ እንጨት በእንጨት ላይ፣
ከሥር ሰዓት ሠሪ፣ ማተሚያ ቤት ከላይ።
እትዬ ጥሩአየር፣ የጋሽ ዘርጋው መበለት፣
የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የተዝካር ወረቀት
ለዶሮ ማነቂያ ስታትም የኖረች፣
«ይችን አሮጌ ዕቃ አድስልኝ» አለች።

አየኋት።
ፔንቲየም አራት፤ ፊቷ የቢጫ ጥርስ፣
ማራገቢያዋ ጉድ፣ አስም የያዘው ፈረስ፣
ግማሽ ጊጋ ሜሞሪ፣ በጎኗ ፕላስተር፣
በጋሽ ዘርጋው እጅ «አትንኩ» የሚል ምክር።
ሊኑክስ ጭኖባታል ያኔ፣ ድሮ ድሮ፣
ከዩኒቨርሲቲ ሲዲ ተበድሮ፤
ቫይረስ ሳይደፍራት ዐሥራ ስድስት ዓመት፣
አዲሱ ፕሪንተር ግን «አላውቅሽም» አላት።

«አዲስ መግዛት ነው» አልኩ። ዝም ብላ አየችኝ፤
ከመቃኑ በላይ በጣት አሳየችኝ፤
ቀይ ቀለም፣ ቁጥር፣ የኤክስ ምልክት።
«ለሚፈርስ ቤት ደግሞ አዲስ ዕቃ ለምኔ?
የቀራትን ዕድሜ ትጨርስ ከእኔ።»

አበራኋት። ቆየች። አጉረመረመች።
ቃል ልትጠይቀኝ ብልጭ እያለች ቆመች።
«ሩት» ይላል ስክሪኑ፣ «የሩት የይለፍ ቃል»፤
የእትዬ ጥሩአየር ፊቷ ተቀይሯል።
«ሩት ማናት?»

«ሩት ማለት፣ እትዬ፣ ሰው አይደለችም፣ ሥር ነው፤
የማሽኑ ጌታ፣ የሚያዝ፣ የሚሽር ነው።»
«ታዲያ ስሟን ለምን የሴት አደረገው?»
ዝም አልኩ። ይህንን ማኑዋሉም አልጻፈው።

ቃሉን ጋሽ ዘርጋው ይዞት ሄዷል።
ለእንዲህ ያለው ሞት ግን አንድ በር ቀርቷል፤
ሲነሣ አስቁመህ፣ ከጅምሩ ይዘህ፣
ቃል ሳትጠየቅ ትገባለህ ብቻህን ሆነህ፤
ኔትወርክ የለ፣ አገልጋይ የለ፣ ጥቁር ስክሪን ብቻ።
ስሙ ነጠላ ነው።
«በነጠላ ላስነሣት» አልኩኝ ለራሴ፤
ሰማችኝ። የትከሻዋን ጎተት አድርጋ፣
«እኔም» አለች፣ «ሦስት ዓመቴ፣
በነጠላ ስነሣ።»

በዚህ ሥራ ደግሞ ደረጃ አይዘለልም፤
አምስት ላይ ያለ ሰው ዐሥራ ሁለት አይደርስም፤
ስድስትን ረግጦ፣ ሰባትን ረግጦ፣
ስምንት ላይ አረፍ ብሎ፣ ትንፋሹን አዳምጦ።
ከዐሥራ ሁለት ወዲያ ለእሷ ዘር በር የለም፣
ሠላሳ ሁለት ቢት ከእንግዲህ አይቆጠርም።
በስልኬ ዳታ ላይ ፋይል እያንጠባጠብኩ፣
ከጎኗ ተቀምጬ መቶኛ ቆጠርኩ።

ከዘጠኝ ወደ ዐሥር፣ ስድሳ አንድ በመቶ፣
መብራት ሄደ።
ፒያሳ በሙሉ። ከታች አንዱ ተሳደበ፣ ሌላው ሳቀ።
ማራገቢያው ቆመ። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት
ምን ያህል ስትጮህ እንደ ነበር።
«ሞተች?» አለች እትዬ ጥሩአየር በጨለማው፣
ጥያቄውን እንደ ለመደ ሰው።
«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው።
ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ነገር
ስሙ ምንድን ነው?
መስኮቱን ብከፍትም የማየው እሱኑ ነበር፤
የፈረሰ አጥር፣ አዲስ የመንገድ መብራት፣
እሱም የጠፋ።

ከሌሊቱ ዐሥር ላይ መጣ።
ደግሜ በነጠላ ገባሁ፣ አንዲት ትእዛዝ ጻፍኩ፣
የተቋረጠውን ቀጥል የምትል።
ቀጠለች። ያለ ቂም።
ወያላው «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» ማለት ሲጀምር
ዐሥራ ሁለት ደረሰች፤ ሰዓቱም ዐሥራ ሁለት፤
አልዋሽም፣ ለሩብ ጉዳይ ነበር።
ፕሪንተሩም ጉሮሮውን ጠርጎ አወቃት።

«አዲስ የይለፍ ቃል ለሩት ምረጪላት» አልኩ፣
ወንበሩን ለቅቄ ፊቴን አዞርኩ።
በአንድ ጣት መታች። ቆመች።
«አይጽፍም እኮ፤ ባዶ ነው።»
«ይጽፋል፤ አያሳይም።»
«እንደሱ ነዋ» አለች፤
መምታቷን ቀጠለች።

ስወርድ ሦስተኛዋን ረሳኋት፣ ረገጥኳት፤
ጮኸች እንጂ አልተሰበረችም።